የቀብራራ ገንባሌ

ጋሪው ሳይቆም ዘላ ወረደች። ነጂው «እናቴ፣ ኧረ በፈጠረዎት! አንገትዎን ሰብረው ለእኔ ጣጣ ያመጡብኛል!» ብሎ ሲጮህ፣ እሷ ወስፌዋን በጥርሷ ነክሳ፣ የቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በጭቃው ዳር ዳር ወደፊት እየሮጠች ነበር። የሚያፈገፍገው ጦር መንገዱን ሞልቶታል። መድፍ የሚጎትቱ በቅሎዎች፣ ቁስለኛ የጫኑ ጋሪዎች፣ ጠብመንጃቸውን እንደ ማገዶ የተሸከሙ እግረኞች ተጠጋግተው ይጓዛሉ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እሷ የምትፈልገው ከፊት ያሉትን ፈረሰኞች ነው፤ ከፈረሰኞቹም አንዱን፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከእሱም አስቀድማ የፈረሱን እግር።

«ኮርቻ ሰፊዋ መጣች! መንገድ ልቀቁ!» አለ አንዱ እግረኛ።

«እናቴ፣ የእኔን እግር አይጠቀልሉልኝም? ከዚያች ከሚጠቀልሉላት ባዝራ እግር የባሰ ተልጧል እኮ!» አለ ሌላው።

«አንተ ስትሄድ እግርህን በእግርህ አትመታም። የመታህ ቀን ና» አለችው ወስፌውን ከአፏ ሳታወጣ። ወታደሮቹ ሳቁ። በዚያ ሰሞን ሳቅ ከስንቅ ይልቅ ብርቅ ስለነበር ሲገኝ ማንም አያሳልፈውም።

ስለዚያ ሽንፈት የሚያወሩ ሰዎች ስለ መድፉ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ አለቆቹ ጥጋብ ያወራሉ። ስለ ፈረስ እግር የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ያ ጦር የተፈታው ከጉልበት በታች ነው። ፈረሶቹ ጭቃ ውስጥ ሲደክሙ እግራቸውን በእግራቸው እየመቱ፣ ተረከዛቸውን በገዛ የኮቴ ብረታቸው እየቆረጡ፣ አንድ በአንድ ማነከስ ጀመሩ። ጥይት ያልነካው ፈረስ በራሱ ኮቴ ተሰናክሎ መንገድ ዳር ይቀር ነበር። ይህን ያዩት ሻለቃ፣ ጦሩ ወደ ድልድዩ ማፈግፈግ በጀመረ ማግስት አንድ ትእዛዝ አወጡ። ፈረሱ ያነከሰበት ፈረሰኛ ወርዶ፣ ጠብመንጃውን ይዞ፣ ከደጀኑ እግረኛ ጋር ይሰለፋል። ደጀኑ ማለት ሌላው ተሻግሮ ድልድዩ እስኪፈርስ ድረስ ጠላትን ኮረብታው ላይ ይዞ የሚቆየው ነው። ድልድዩ ከፈረሰ በኋላ ደጀኑ በምን እንደሚሻገር ትእዛዙ አልተናገረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ኮርቻ ሰፊዋ ትእዛዙ ሲነበብ ሰምታለች። አንድ ልጅ አላት፤ ፈረሰኛ ነው። የሚጋልባትም እግሯን በእግሯ የምትመታ ባዝራ ናት።

የባዝራዋን ስም ቀብራራ ብሎ ያወጣላት ልጅየው ነው። በመልኳ ዳማ ናት። ስትሄድ እግሯን ከፍ አድርጋ ትወረውራለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰው አየኝ አላየኝ የምትል ይመስላል። መልክም አካሄድም ሳይነፈጋት ደረቷ ብቻ ጠቦ ቀረ። ደረተ ጠባብ ፈረስ የፊት እግሮቹ ይቀራረባሉ፤ ሲደክመው የቀኙ ብረት የግራውን ቁርጭምጭሚት ከውስጥ በኩል ይገጨዋል። በዚያ ላይ የኋላ እግሯ እርምጃው ረጅም ስለሆነ የፊቱን ተረከዝ እየደረሰ ይነካዋል። በደህና ጊዜ፣ በደረቅ ሜዳ፣ ጥጋብ ላይ ሆና ይህ ሁሉ አይታይም ነበር። አሁን ግን ጠላት አያስፈልጋትም፤ ራሷን በራሷ ትጨርሳለች።

ስለዚህ እናትየው ገንባሌ ሰፋችላት። ወታደር ቅልጥሙ ላይ እንደሚያደርገው ያለ፣ ግን ለፈረስ የሚሆን፦ ከጉልበት በታች ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱን የሚሸፍን ቆዳ፣ በስተውጭ በዘለበት የሚቆለፍ። በባዶ እግሩ የሚሄደው እግረኛ ባዝራዋ ገንባሌ አድርጋ ስታልፍ ሲያይ ምን እንደሚል መገመት ነው።

ፈረሰኞቹ ውሃ ለማጠጣት ቆም ሲሉ ደረሰችባቸው።

«እማዬ፣ ደግሞ መጣሽ? አሁን ጠዋት አይደል ያየሽን?» አለ ልጁ።

«አንተን ማን አየህ። እሷን ነው ያየሁት። ያዛት።»

ጭቃው ውስጥ ተንበረከከች። ዘለበቶቹን ፈታች፣ ቆዳውን ገለበጠች፣ በእጇ ጀርባ የባዝራዋን እግር ከላይ እስከ ታች ዳበሰች። ትኩሳት ካለ እጅ ጀርባ ያውቃል። የለም። ጭቃውን በጨርቅ ጠርጋ፣ ፀጉሩን ወደ ታች አስተኝታ፣ መልሳ ልታስር ስትል ግን የግራው ገንባሌ ከውስጥ በኩል ሳስቶ ብርሃን እንደሚያሳልፍ አየች። የቀኙ ብረት እየደጋገመ ቆዳውን በልቶ ጨርሶታል። ነገ ተነገ ወዲያ ሥጋ ላይ ይደርሳል።

«አለቀ» አለች።

«ምኑ?»

«ቆዳው ነዋ! ሌላ እሰፋለሁ። ከባድ አድርጌ።» ቀና ብላ አየችው። ጢም ማብቀል የጀመረ ፊቱ ላይ ጭቃ ደርቆበታል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ልትጠርግለት እጇን ዘረጋች፤ ጓደኞቹ እያዩት ስለሆነ ፊቱን ዞር አደረገ። ደስ አላለውም እንጂ አልተቆጣም። እጇን መልሳ ባዝራዋ አንገት ላይ አሳረፈችው።

ባሏ የዚህ ጦር ኮርቻ ሰፊ ነበር። ሲሞት ወስፌውና በርጩማው ለእሷ ቀሩ። ሻለቃው «ሌላ ሰው እስኪገኝ አንቺው ያዢው» አሏት፤ ሌላ ሰው ሳይገኝ ፀጉሯ ሸበተ። ሙያዋን ማንም አይጠረጥረውም። የሰፋችው ልጓም ተበጥሶ፣ የሰፋችው የእርካብ ጠፍር ወልቆ አያውቅም። አንድ አመል ግን ነበራት፤ እሷ ያሰረችውን ሌላ ሰው እንዲፈታው አትፈልግም። አንዱ ዘለበት ጠብቆ ሌላው ከላላ የፈረሱ ጅማት ይጣመማል። በወታደር እጅ ስንት እግር ሲበላሽ አይታለች፤ ስለዚህ ሁሉንም ራሷ ታስራለች፣ ራሷ ትፈታለች።

አዲሱን ገንባሌ የሰፋችው ጋሪው ላይ እየተንገጫገጨች ነው። ጋሪውን የምትጋራው ከዋርሳዋ ጋር ነበር። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ የፈረስ ኮቴ ብረት መቺ፣ ወታደሩ አባ ሙግት ብሎ የሰየመው። ዝናብ ነው ሲሉት ካፊያ ነው ይላል፤ ካፊያ ነው ሲሉት ጤዛ ነው ይላል። በወንድሙ ቀብር ላይ እንኳ ከቆፋሪዎቹ ጋር በጉድጓዱ ስፋት ተከራክሯል። ልቡ ግን ደግ ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እሷንም ልጇንም እየተነጫነጨ ሲያኖር፣ አንድም ቀን ይህን አደረግሁላችሁ ብሎ አያውቅም።

«ምንድን ነው ይኼ?» አላት መዶሻውን አስቀምጦ።

«አይታይህም? ገንባሌ ነው።»

«ገንባሌ ነው ፍራሽ?»

ወፍራም ሱፍ በድርብ አድርጋ ቆዳው ስር ገጥማበታለች። ሱፉን ያገኘችው የባሏን ካፖርት ቀድዳ ነው። ከላይና ከታች ደግሞ ጠጠር እንዳይገባ አፉን ሰብስባ፣ እንደ እጅጌ ጫፍ አጥብቃ ሰፍታዋለች። እጇ ሲነካው እንኳ ያሞቃል። ለራሷ ልጅ ብርድ ልብስ ብትሰፋ ከዚህ አብልጣ አትጠበብም ነበር።

«እትዬ፣ ልንገርሽ። ከላይም ከታችም ዘጋሽው። ውሃ ሲገባ በየት ይወጣል?»

«ምን ሊገባ? ለዚህ አይደል የዘጋሁት!»

«ውሃ አንቺን አስፈቅዶ ነው የሚገባው? አሸዋ ይዞ ይገባል። ሱፉ ውሃውን ይጠጣዋል፣ አሸዋው እዚያው ይቀመጥና ቆዳዋን ይፈጫል። ታችኛውን ክፈቺው።»

«ሥራህን ሥራ። አንተ ብረትህን እኔ ቆዳዬን።»

«ብረቱንማ ሠራሁ! የኋላውን ወደ ውስጥ ስቤ መታሁት፣ አሁን የፊቱን አይደርስበትም። አንቺ ግን የቤተ መንግሥት ሠረገላ ለሚጎትት ፈረስ ነው የምትሰፊው። ይቺ ወንዝ ለወንዝ ነው የምትውለው።»

«በየመቆሚያው እየፈታሁ አጥበዋለሁ።»

«አንቺ ባትኖሪስ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«እሱን እኔ ልወቅ? ጦርነት ላይ ነን። ሰው የት እንደሚውል በምን ያውቃል?»

ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያን ዕለት ብቻ ስለ ክሯ ሰም፣ ስለ በቅሎዋ ዕድሜ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣም ተከራክሯት ነበር። በፀሐይዋም ቢሆን አልተሸነፈም። ከዚያ ሁሉ ሙግት ውስጥ እውነተኛውን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ከየት ይመጣል? ክሩን ጠበቅ አድርጋ ሳበችና በጥርሷ በጠሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ጦሩ ከመነሳቱ በፊት አዲሱን ገንባሌ አሰረችላት። ቀብራራ መጀመሪያ እግሯን እያነሳች አራገፈች፤ ከዚያ ለመደችው። ጥቂት እርምጃ አስኬደቻት። ብረቱ ሲገጨው ድፍን ያለ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ባዝራዋም አትሳቀቅም። ልጁ እየሳቀ «ከእኔ አልጋ ይሻላል» አለ። እናትየው ግን አልሳቀችም።

«ስማኝ። እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው። አንተም ብትሆን። ያኔ አንተ ያሰርከውን አይቼዋለሁ፤ አንዱ ላልቶ አንዱ ጠብቆ።»

«ሁለት ጣት እስኪገባ ብለሽኝ እኮ ነው!»

«የአንተ ጣትና የእኔ ጣት አንድ ነው? አትንካው አልኩህ። ማልልኝ።»

«እማዬ፣ ሰው እየሰማ…»

«ይስማ። ማልልኝ።»

«አባቴ ይሙት አልነካም።»

«የሞተ ሰው ይሙት ተብሎ ይማላል? አታላይ! በእኔ ማል።»

ልጁ በሳቅ ፈነዳ። አባቱም እንዲሁ ነበር የሚስቀው፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ። «እሺ፤ እናቴ ትሙት አልፈታውም። ይብቃሽ?» አላት። በቃት።

ጉዞው ጥቂት እንደቀጠለ መንገዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የፈረሰኞቹ መቶ አለቃ ፈረሱን እያስጋለበ መጣና ትእዛዝ ሰጠ። ቁስለኛውና የሙያተኞቹ ጋሪዎች በላይኛው ድንጋያማ መንገድ ቀጥታ ወደ ድልድዩ ይሂዱ፤ ፈረሰኛው ጠላት በጎን እንዳይመጣ በታች በኩል፣ በወንዙ ሸለቆ ይውረድ። ማታውኑ ድልድዩ ጋ ይገናኛሉ።

ኮርቻ ሰፊዋ ከጋሪው ወርዳ የመቶ አለቃውን እርካብ ያዘች። ጠፍሩን ራሷ ነበረች የሰፋችለት።

«ጌታዬ፣ እኔ ከፈረሰኞቹ ጋር ልሂድ።»

«በምን፣ እናቴ? በእግርዎ?»

«በእግሬ!»

መቶ አለቃው ወጣት ነው። ከተነሱ ጀምሮ ያልተኛ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ልጅ። «እናቴ፣ እነሱ ሳይቆሙ ነው የሚሄዱት። እርስዎን የሚጠብቅ የለም። ድልድዩ ጋ ያገኙታል፤ ልጅዎን እኔ አመጣልዎታለሁ» አለ። እርካቡን ቀስ ብሎ ከእጇ አስለቀቀ።

ፈረሰኞቹ ወደ ሸለቆው መውረድ ጀምረዋል። የልጇን ጀርባ ታያለች። ገና ድምፅ ይደርሳል። «ውሃ ከገባው ፍታው!» ብላ ብትጮህ ይሰማ ነበር። አፏን ከፈተች። ያኔ እጁ ታሰባት፤ አንዱን አጥብቆ አንዱን አላልቶ የሚያስረው እጁ። ጅማቷ ከተጣመመ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ በእግሩ ከመጣ ደግሞ ኮረብታው ላይ ነው የሚቀረው። አንድ ውሎ ምን ያደርጋታል አለች በልቧ። ማታ እኔው እፈታዋለሁ። አፏን ዘጋች። ፈረሰኞቹም ከቁልቁለቱ ወዲያ ተሰወሩ።

«ሸለቆው ውስጥ እስከ መጨረሻው አሸዋ ነው» አለ አባ ሙግት፣ ጋሪው ላይ ስትወጣ።

«ዝም ትላለህ?»

«አልልም! ደግሞም ወንዙን እየደጋገሙ ነው የሚሻገሩት። ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል። የማትነግረኝ ነገር አለ?»

መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። በአሸዋው ጨርሰው በጋሪው ጎማ፣ በጎማው ጨርሰው ልጁ ሕፃን ሳለ መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ። እሷ አባቱ ነው አለች፤ እሱ እኔ ነኝ አለ። ጭቅጭቁ ለሁለቱም ደግ ነገር ነበር፤ ወደ ሸለቆው ጆሮ ከመጣል ያድናል።

ድልድዩ የእንጨት ነው። ወንዙ በክረምቱ ጎርፍ ሞልቶ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከወዲህ በኩል ኮረብታ አለ፤ ደጀኑ እዚያ ላይ ምሽግ እየቆፈረ ነው። አባ ሙግት ከጋሪው ጋር እንዲሻገር ታዘዘ፤ ትእዛዙ ስህተት መሆኑን እያስረዳ ተሻገረ። እሷ ግን ወርዳ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመች። ጠባቂው ወታደር «ይሻገሩ እንጂ እናቴ» አላት፤ ዓይኗን ከሸለቆው መንገድ አላነሳችም፤ ተዋት።

ፈረሰኞቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መምጣት ጀመሩ። ሰው ዘመዱን ሲጠብቅ ፊት ያያል፤ እሷ የፈረሶቹን እግር ነበር የምታየው። ደህና የሚረግጥ። ደህና የሚረግጥ። ትንሽ የሚቆጠብ። ሁሉም እስከ ሆዳቸው ጭቃ ናቸው። ገንባሌ ያደረገ እግር የለም። እየሳሱ መጡ፤ መሐላቸው እየራቀ መጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በእግሩ፣ ባዝራ እየሳበ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ባዝራዋ በግራ የፊት እግሯ በረገጠች ቁጥር ራሷ ዝቅ ከፍ ይላል።

ወደሱ ሮጠች።

«ምን ሆነች?»

«ድንጋይ ነው እማዬ» አለ ልጁ ፈጥኖ፣ መንገድ ላይ ሲለማመደው እንደመጣ ሁሉ። «ወንዙ ውስጥ ድንጋይ አንሸራተታት። ደህና ነች።»

«ገንባሌውስ?»

«ውሃው ወሰደው።»

«ዘለበቱ ተበጥሶ?»

«እ… አዎ። ተበጠሰ።»

በዕድሜዋ የሰፋችው ዘለበት ተበጥሶባት አያውቅም። ይህን ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበራትም፤ ወይም ጊዜ አልሰጠችውም። ጎንበስ ብላ የባዝራዋን እግር ልታይ ስትል ልጁ ክንዷን ያዘ።

«ተያት፣ ጭቃው ይድረቅላት። ቁስሉ ላይ ውሃ አይሆንም። ከተሻገርሽ በኋላም አትጠቢያት፣ እሺ?»

«አንተ ነህ እንዲህ ያለውን የምትነግረኝ? ፈታኸው እንዴ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም።»

«እናቴ ትሙት ብዬ ምዬ?» ሊስቅ ሞከረ፤ የተሰነጠቀው ከንፈሩ ደማ። «እንዳልሽኝ አልነካሁትም። ደግሞ ገንባሌው ባይኖር ኖሮ ገና ከጠዋቱ ነበር የምታነክሰው። ስንቴ እንደመታችው ብታይ! ሥጋዋ ላይ ቢሆን አልቆላት ነበር። አባ ሙግትን ተሸንፈሃል በይልኝ።»

መቶ አለቃው መጣ። ከፈረሱ አልወረደም። ባዝራዋን አየ፣ ልጁን አየ፣ እናትየውን ላለማየት ልጓሙን አስተካከለ።

«አነከሰች?»

«አነከሰች ጌታዬ።»

«ጠብመንጃህን ያዝ። ኮረብታው ላይ ሃምሳ አለቃው አለ።»

«ጌታዬ!» አለች። እርካቡን እንደገና ያዘችው። «አመጣልዎታለሁ ብለውኝ ነበር እኮ! ቃል ገብተውልኝ ነበር። በቅሎ ላይ ይቀመጥ፣ በጋሪዬ ይሂድ፣ እኔ ልቅር፣ እኔም እኮ ጥይት አቀብላለሁ…»

«አመጣሁልዎት እናቴ» አለ መቶ አለቃው። «ሌላ ቃል አልነበረኝም። ትናንት ከትናንት ወዲያ የወረዱት ሁሉ እናት አላቸው። የእርስዎን ብተው እነሱን ምን እላቸዋለሁ?» እርካቡን አላስለቀቃትም፤ እሷ ናት የለቀቀችው። ልክ የሆነ ነገር እንዲህ ሲያም አይታ አታውቅም።

ልጁ ካፖርቱን ከኮርቻው ፈታ፣ የጥይት ዝናሩን በትከሻው አጋደመ። የባዝራዋን ግንባር በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ከዚያ እናቱን አቅፎ ጉንጯን ሳማት፤ ጓደኞቹ ቢያዩትም አልዞረም። ያን ጊዜ በቀሚሷ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ከንፈሩ ላይ ያለውን ደም። እስክትጨርስ ቆመላት።

«እኔ ነኝ…» ብላ ጀመረች።

«ድንጋይ ነው አልኩሽ እኮ እማዬ» አላት። የባዝራዋን ዛብ እጇ ላይ አስጨብጦ ኮረብታውን መውጣት ጀመረ። ጭቃው እያንሸራተተው፣ በአንድ እጁ ሣር እየያዘ ወጣ። ዞር ብሎ አላያትም። ቢያይ እንደማይወጣ ያወቀ መሰለኝ።

ቀብራራ ድልድዩን እያነከሰች ተሻገረች፤ እናትየውም ከጎኗ። ከኋላቸው የቀሩት ጥቂት በቅሎዎች ናቸው። ከዚያ መሐንዲሶቹ ድልድዩን በባሩድ አፈነዱት፤ እንጨቱ ወደ ላይ ተነስቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀና ጎርፉ ወሰደው። ኮረብታው ላይ ተኩስ ተጀመረ።

አትጠቢያት ተብላለች። እግር ሳታጥብ የዋለችበትን ቀን ግን አታስታውስም፤ እጇ ራሱ ባልዲ ፈልጎ አገኘ። ውሃ ቀድታ፣ ተንበርክካ፣ ጭቃውን ቀስ እያለች አወረደችው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን ከውስጥ በኩል አየች፤ ብረቱ የሚመታበት ቦታ። ደህና ነው። አንድም ጭረት የለበትም። ተረከዙም ደህና ነው። ከዚያ ከፍ ስትል፣ ከጉልበቱ በታች፣ ዙሪያውን አገኘችው። ፀጉሩ ተልጦ፣ ቆዳው በስሎ፣ ቀይ ሥጋ ላይ ደቃቅ አሸዋ ተጣብቆበታል። ከላይ እንደ እጅጌ ጫፍ ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው። ከታችም ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው። እግሩ አብጧል፤ ሲነኩት ይፋጃል።

ድንጋይም ሊሆን ይችላል አለች። ሁለት ድንጋይ መሐል ገብቶባት ይሆናል። ወንዝ ውስጥ ምን ያልሆነ ነገር አለ።

አባ ሙግት ከጋሪው መጣ። ያነከሰ ፈረስ ሁሉ እሱ ዘንድ ይቀርባል፤ የሚድነውን ከማይድነው የሚለየው እሱ ነው። ልጁ የት ነው ብሎ አልጠየቃትም። ባዶውን ኮርቻ አይቷል። ከኮረብታው የሚመጣውን ተኩስም ይሰማል። እንደ ወትሮው መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሰክቶ፣ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እስቲ እየው» አለችው። «የምንድን ነው?»

የባዝራዋን እግር አንስቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ጠርዙን ከላይ አየ፣ ከታች አየ። ከቁስሉ ላይ ትንሽ አሸዋ በጣቱ አንስቶ አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ልጁ ምን አለ?»

«ድንጋይ ነው አለ።»

«ድንጋይ ነው» አለ አባ ሙግት።

ጠበቀችው። ግን ብሎ እንዲቀጥል፣ ነግሬሽ ነበር እንዲላት፣ ታችኛውን ክፈቺው አላልኩሽም ብሎ እንዲጮህባት ጠበቀች። ቢጮህባት ትጮህበት ነበር። ሲጨቃጨቁ ይመሽላት ነበር።

«የድንጋይ ቁስል ዙሪያውን ይዞራል?» አለችው።

«ይዞራል።»

«እንዲህ ቀጥ ብሎ? በመቀስ እንደተቆረጠ?»

«ይሆናል እትዬ። ልጁ አይቷል። ድንጋይ ካለ ድንጋይ ነው።»

ያ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ሌላ ሰው ያለውን ተቀብሎ አያውቅም። እውነት ድንጋይ ቢሆን ኖሮ፣ አይደለም ብሎ ይሟገታት ነበር። ይህን እሷ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን ከቁስሉ ላይ አላነሳም።

እጆቿን ከባልዲው አወጣች። የባዝራዋን ትከሻ ተደግፋ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቢሰማት ባይሰማት ሳትል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። አባ ሙግትም የቀብራራን እግር ከጉልበቱ ላይ ሳያወርድ አብሯት ቆየ።